ካስትሮ ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት

ሳን ፍራንሲስኮ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። አሁን ካስትሮ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ባለቤቱም ወንድ ነው። ከቤተሰባችን የሚያውቅ ያውቃል፤ የሚያውቀውም ቢሆን አያነሳውም። እንደ እሱ ስላሉ ሰዎች በአማርኛ ተጽፎ የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። አስፈቅጄዋለሁም። «ስሜን ብቻ ተይው፤ የቀረውን እንዳየሽው ጻፊው» ነው ያለኝ። ጉዞው መስከረም 2017 ላይ ነው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር፣ የታሪኩን ዓመተ ምሕረት ግን በፈረንጅ አስቀምጫለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 22፦ ከደለስ እስከ ካስትሮ

ከዋሽንግተን ዲሲው ደለስ አየር ማረፊያ የተነሳው በረራ በሰዓቱ ገባ። ሻንጣዬ ግን አልመጣም። ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። የከነከነኝ ልብሱ አይደለም። ሻንጣው ውስጥ አክስቴ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችው በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ አለ። ለልጇ ነው። ፎርም አስሞሉኝ፣ ቁጥር ሰጡኝ፣ «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ቤት ድረስ ይመጣልሻል» ብለው ሸኙኝ።

ባርት የሚባለው ባቡር እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ይገኛል። ዋጋው ያኔ ከ10 ዶላር ትንሽ ያልፍ ነበር። እኛ ጋ ከደለስ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በሜትሮ 7 ዶላር አይሞላም፤ መንገዱም ይረዝማል። ሲቪክ ሴንተር ወርጄ፣ አንድ ፎቅ ወጥቼ፣ ሙኒ የሚባለውን የከተማውን ባቡር ያዝኩ። ካስትሮ ጣቢያ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ የሚውለበለበውን ትልቅ የቀስተ ደመና ሰንደቅ ነው። ከ1997 ጀምሮ እዚያ አለ። ሰንደቁ ራሱ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። ጊልበርት ቤከር የሚባል ሰው ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ በ1978 ለሰልፍ ያዘጋጀው ነው። ያኔ ስምንት ቀለም ነበረው።

የአክስቴ ልጅ ከምሰሶው ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሽበት ጀምሮታል። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየንም።

ሳን ፍራንሲስኮ ብርድ ናት ሲሉኝ ሹራብ ደርቤ ነው የሄድኩት። የከተማዋ ሙቀት የሚመጣው ግን በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ያ ሳምንት ደግሞ የባሰበት ነበር። ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ዳገት ስል የእንጦጦን ዳገት የሚያስንቅ ዳገት ማለቴ ነው። ሻንጣ አለመኖሩ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ ያረጁ፣ ያማሩ፣ ፊታቸው በሦስት በአራት ቀለም የተቀባ። አየር ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር ግን የላቸውም።

ባለቤቱ ወላጆቹ ከፊሊፒንስ የመጡ፣ ዴሊ ሲቲ የተወለደ ነርስ ነው። በር ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» አለኝ፤ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ምስሩ ውስጥ ቅቤ የለም» ሲለኝ እንባዬ መጣ። ጾም መሆኑን የአክስቴ ልጅ ረስቶታል። እሱ ነው ያስታወሰው።

ሳይመሽ ወደ ገበያ ወረድን። ረቡዕ ረቡዕ ኖይ በሚባለው መንገድ ላይ ገበሬዎች ያመረቱትን ይዘው ይመጣሉ። በለስ፣ ቲማቲም፣ የመጨረሻዎቹ ኮኮች። ቲማቲሙን ስነካው ሻጩ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ቆርጦ አቀመሰኝ። ዋጋው ከሱፐርማርኬት ይወደዳል። ጣዕሙ ግን የአገር ቤትን ቲማቲም አስታወሰኝ። ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ሁለቱ ያለ ማቋረጥ ሰላምታ መስጠታቸው ነው። ጎመን የምትሸጠው ሴት ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው። ውሻ ይዘው የሚሄዱ ባልና ባል አስቆሙን። አንዲት እናት ሕፃን ልጅ እየገፋች መጥታ የእሑዱን የጎዳና በዓል አስታወሰችን። የእኔ አፓርታማ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬ በስም የማውቀው ጎረቤት ትንሽ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 23፦ አንዲት አጭር መንገድ

ካስትሮ መንገድ ዋናው ክፍሏ አጭር ነች። ከማርኬት ጎዳና እስከ 19ኛው መንገድ ድረስ በእግር ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። እኔ ግን ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።

ጥግ ላይ ትዊን ፒክስ የሚባል መጠጥ ቤት አለ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ፤ እኛም እናያቸዋለን። ይህ ዛሬ ምንም ላይመስል ይችላል። በድሮ ጊዜ የጌይ መጠጥ ቤት መስኮቱ ይሸፈን ነበር። ፖሊስ ይመጣል፣ የታየ ሰው ሥራውን ያጣል። በ1972 ቤቱን የገዙት ሁለት ሌዝቢያን ሴቶች ትልልቅ መስታወት አስገቡ። ሰው ፊቱን ሳይደብቅ እንዲቀመጥ። ከተማው በ2013 ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እኔም ገብቼ ሎሚናት ጠጣሁ። መስኮቱ አጠገብ የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ያወሩ የነበረው ስለ ዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ነው።

ቀጥሎ የገባነው ክሊፍስ ቫራይቲ ነው። ከ1936 ጀምሮ ያለ የሃርድዌር ሱቅ ነው። ምስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ከዚያ ደግሞ የላባ ሻርፕና የሚያብረቀርቅ ጨርቅ። የመጣሁበት ጉዳይ ማራገቢያ ነበር። አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ 40 ዶላር ገደማ ከፍለን ይዘነው ወጣን። ከኛ በኋላ የገባው ሰው እጃችንን ሲያይ ፊቱ ወደቀ፤ አሳዘነኝ።

ይህ መንገድ ድሮ የአይሪሽ ሠራተኛ ቤተሰቦች ሰፈር ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙዎቹ ወደ ከተማ ዳር ወጡ። ቤቱ ረከሰ። ከየቤታቸው የተባረሩ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የሸሹ ወጣቶች ተከራዩት፣ አደሱት፣ ሱቅ ከፈቱበት። ከነሱ አንዱ ሃርቪ ሚልክ ነው። በ1973 ቁጥር 575 ላይ የካሜራ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ፎቶ ከሚታጠብበት ይልቅ ሰው አቤቱታ የሚያሰማበት ሆነ። ደጋግሞ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1977 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ሥራ ላይ የቆየው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በፈረንጆች ኖቬምበር 27 ቀን 1978 እሱና ከንቲባው ጆርጅ ሞስኮኒ በአንድ የቀድሞ የምክር ቤት አባል በጥይት ተገደሉ። በር ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ መታሰቢያ አለ። ሰው ይረግጠዋል፣ ያያል፣ ያልፋል። ከዚያ በላይ ያለው የሕፃናት ትምህርት ቤት በስሙ ነው የተሰየመው። ስናልፍ የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ጩኸቱ መንገዱን ሞልቶታል።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን የ18ኛው መንገድ ጥግ ነው። እዚያ ፋርማሲ አለ። በ1981 ስታር ፋርማሲ ይባል ነበር። ቦቢ ካምቤል የሚባል ነርስ ሰውነቱ ላይ እንግዳ ቁስል ወጣበት። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ነው። ሰው ገና ኤድስ የሚለውን ስም አያውቅም። ካምቤል የቁስሉን ፎቶ አነሳና ፋርማሲው መስኮት ላይ ለጠፈ። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ ብሎ። በሽታ በሚደበቅበት ጊዜ የራሱን ገላ መስኮት ላይ አወጣው። በ1984 ሞተ፤ 32 ዓመቱ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ «በዚያ በሽታ» ብለው እያንሾካሾኩ የቀበሯቸውን ሰዎች አስባለሁ። ስንቱ ቤት በሩን ዘግቶ ነው ያስታመመው። መስኮቱ ፊት ቆሜ ቆየሁ። ዛሬ የተለጠፈበት የጉንፋን ክትባት ማስታወቂያ ነው።

ከሰዓት በኋላ 18ኛው መንገድ ላይ ያለውን የታሪክ ሙዚየም አየን። መግቢያው ያኔ 10 ዶላር ነበር። ትንሽ ነው፣ ሁለት ክፍል ቢሆን ነው። ግን የ1978ቱ የመጀመሪያ ሰንደቅ ቁራጭ እዚያ አለ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጨርቁ ተራ ጥጥ ነው፣ ስፌቱ በእጅ የተያዘ ይመስላል። አንገቴን አስግጌ ክሩን አየሁ። የእናቴን የልብስ ስፌት ሥራ እያየሁ ያደግኩ ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር አላልፍም።

ዓርብ፣ መስከረም 24፦ ሻንጣው

ጠዋት ደወሉልኝ። ሻንጣው ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ቤት ጠብቂ። እስኪመጣ ድረስ ከቤቱ አልራቅኩም። በር ላይ ተቀምጬ ጎረቤት ስቆጥር ዋልኩ። ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ሰው ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። ስለ ኪራይ አወራን። እዚህ ከተማ በ1979 የወጣ ሕግ አለ፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች አከራዩ በየዓመቱ ሊጨምር የሚችለው ጥቂት ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ከድሮ ጀምሮ ስላለ በድሮው ዋጋ ነው የሚኖረው። ጎረቤቱ አምና የገባ ነው፤ ለተመሳሳይ ክፍል እጥፍ ይከፍላል። ዛሬ ከቤቱ ተባርሮ የሚመጣ የ19 ዓመት ልጅ ካስትሮ ላይ ክፍል ሊከራይ አይችልም። ይህ የሰፈሩ ትልቁ ቁስል ነው። ሰፈሩን የሠሩት እንደዚያ ያሉ ልጆች ነበሩ። አሁን በሩ ለገንዘብ ነው የሚከፈተው። አርጅተው ኪራይ ያቃታቸውም አሉ። ላጉና መንገድ ላይ ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራ ርካሽ ቤት አለ፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነው።

ሻንጣው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አንድ እግሩ ተሰብሯል። በርበሬው ግን ደኅና ነው። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ሲገባ ፌስታሉን ከፈተ፣ አፍንጫውን አስገባ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፌስታሉ ላይ የሱ ስም በእናቱ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። የሱ ብቻ።

አክስቴ ታውቃለች። እኔ እንደምታውቅ አውቃለሁ። ስትደውል «ብቻህን ነህ?» ትለዋለች፤ «አይደለሁም» ይላታል፤ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ትላለች። አባቱ ሲያርፉ ለቀብር ብቻውን ነው የሄደው። ቀለበቱን አውልቆ ሳን ፍራንሲስኮ አስቀምጦ። በእኛ አገር የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ግንኙነት በእስር ያስቀጣል። ሰው አባቱን ሲቀብር ባለቤቱ አጠገቡ አለመኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የቀበረ ያውቀዋል።

ማታ ሽሮው ተሠራ። ዓርብ ነውና በዘይት። አምሮ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25፦ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና

ነገ ጽጌ ስለሚገባ ዛሬ ሥጋ እንብላ ተባለ። በባርት በባሕረ ሰላጤው ሥር አልፈን ኦክላንድ ሄድን። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት በሽ ነው። የኛም የኤርትራውያንም። ከባቡር ወርደን ብዙ ተጓዝን፤ ፀሐዩ ይጠብስ ነበር።

የገባንበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የአክስቴን ልጅ ሲያዩት ከማእድ ቤት ወጡ። «የት ጠፋህ የኔ ልጅ!» ብለው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት። እኔን አስተዋወቀኝ፤ «የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከዋሽንግተን»። ባለቤቱን ያውቁታል። «ጓደኛህም ደኅና ነው?» አሉ። «ደኅና ነው፣ እትዬ» አለ።

ጥብስና ክትፎ መጣ። ዋጋው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይለይም፤ ለአንድ ሰው 20 ዶላር ገደማ ነው። እንጀራው ግን ከብዙው የኛ ሰፈር እንጀራ ይሻላል፤ ቀጭን፣ ዓይናማ፣ ኮምጠጥ ያለ። እትዬ ቆመው ያዩናል። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጡና ክትፎውን ጠቅልለው ባለቤቱን አጎረሱት። ትልቅ ጉርሻ ነው። አፉን ከፍቶ ተቀበለ፣ አኘከ፣ በሁለት እጁ እጅ ነሳ። «ይሄ ልጅ ሥርዓት አለው» አሉ። ዞር ብለው ደግሞ የአክስቴን ልጅ «አንተስ፣ እስከ መቼ ነው ሳታገባ?» አሉት። ሳቅ አለና «እግዚአብሔር ያውቃል» አላቸው። ባለቤቱ ያለው አጠገቡ ነው። ጉልበታቸው ይነካካል። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጠየቅኩት። «ለምን አትነግራቸውም? ይወዱሃል እኮ።» ትንሽ ዝም አለ። «ቢወዱኝም አላውቅም እንዴት እንደሚሆን» አለኝ። «እዚያ ቤት ነው አማርኛ የምሰማው። ያንን ካጣሁ የማወራሽ አንቺን በስልክ ብቻ ነው።» ባለቤቱ ምን እንዳወራን ጠየቀን፤ ነገረው። እሱም «እኔን ግን ሁልጊዜ አስቀድመው ነው የሚያጎርሱኝ» አለ። የኦክላንድና የካስትሮ ርቀት በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ካስትሮ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ቴሌግራፍ ላይ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ። ይህን የሚያደርገው ሕግ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ነን። የምናደርገው እኛ ነን።

እሑድ፣ መስከረም 26፦ ቤተ ክርስቲያንና የጎዳና በዓል

ባለቤቱ ካቶሊክ ነው። ዳይመንድ መንገድ ላይ ያለው ሞስት ሆሊ ሪዲመር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው አራት ሰዓት ላይ ነው። አብሬው ሄድኩ፤ ኋላ ተቀመጥኩ። አብዛኛው ሰው አረጋዊ ነው። ወንዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ብቻቸውን የቀሩም አሉ፤ መበለቶች፣ ጥቂት ቤተሰቦች ከልጆች ጋር። ቅዳሴው እንደማንኛውም የካቶሊክ ቅዳሴ ነው። ሲያልቅ ቡና ተጠጣ።

ቡና ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። በ80ዎቹ ያሳለፉትን ነገሩኝ። ሰፈሩ ሲረግፍ ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1985 የኤድስ ሕሙማን መርጃ ቡድን አቋቋመ። በ1987 ደግሞ የመነኮሳት መኖሪያ የነበረው ቤት የመጨረሻ ቀናቸውን ለሚጠብቁ ሕሙማን ማረፊያ ሆነ። ሽማግሌው ተራ ገብተው ያስታምሙ ነበር። የሚያጥቡት፣ የሚያጎርሱት፣ ሌሊት አጠገቡ የሚቀመጡት ሰው እናት አባት አለው፤ ግን አይመጡም። አንዳንዶቹ ሬሳውን እንኳ አልፈልግም ብለዋል። ለቀብር የሚዋጣው ከጎረቤት ነው። ድንኳን አልጣሉም እንጂ ይህ እድር ነው። ደብተር የሌለው፣ ዳኛ የሌለው እድር። እኔ እድራችን ያደረገልንን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አባቴን የቀበረው እድር ነው። ስለዚህ ለሽማግሌው ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። እጃቸውን ያዝኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ነገሩኝ። የሰፈሩ ጋዜጣ ቤይ ኤሪያ ሪፖርተር ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል። በነፃ ነው የሚታደለው፤ እኔም ሐሙስ ዕለት አንድ ወስጄ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ጋዜጣውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገልጠው የሙታንን ገጽ ነበር። ሳምንት በሳምንት ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። ነሐሴ 1998 ላይ አንድ ሐሙስ ጋዜጣው በትልቁ የሞት ማስታወቂያ የለም ብሎ ወጣ። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። አዲሶቹ መድኃኒቶች መሥራት ጀምረው ነበር። በዚያ መካከል ከተማዋ ብዙ ሺህ ሰው አጥታለች።

ከዚያ ወደ በዓሉ። የካስትሮ የጎዳና በዓል በጥቅምት ወር በፈረንጆች የመጀመሪያው እሑድ ይከበራል። ያስጀመረው ራሱ ሃርቪ ሚልክ ነው፣ በ1974፤ ነጋዴዎቹ ገበያ እንዲያገኙ ብሎ። መንገዱ ለመኪና ይዘጋል። መግቢያ ክፍያ የለም፤ በር ላይ መዋጮ ይጠየቃል፣ ገንዘቡ ለሰፈሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሄዳል። 10 ዶላር ሰጠሁ።

ውስጡ ባዛር ነው። ሳሙና፣ ጌጣጌጥ፣ የውሻ ልብስ፣ የተጠበሰ በቆሎ። ሎሚናት 8 ዶላር፤ ለዚህ ሙቀት ሰው ሳይከራከር ይከፍላል። አንድ ጥግ ላይ የካውቦይ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶችና ሴቶች በሰልፍ ይጨፍራሉ። ጥንዶቹ እጅ ይዘው ይሽከረከራሉ፤ አንድ ከባድ ሰውዬ ከሰማንያ ዓመት የማያንሱ አዛውንትን እየመራ ነበር፣ በጥንቃቄ፣ እርምጃውን እያሳጠረላቸው። የምርጫ ቅስቀሳውም እዚያው ነው። በየመስኮቱና በየጠረጴዛው «3ን ይደግፉ» የሚል ወረቀት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2008 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚከለክል ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ፍርድ ቤት ሽሮታል፤ ቃሉ ግን እስከዚያን ጊዜ እዚያው ተጽፎ ነበር። ቁጥር 3 በምርጫው ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ፣ ያንን ቃል የሚሰርዝ ሐሳብ ነበር። የአክስቴ ልጅና ባለቤቱ የተጋቡት ጋብቻው እንደገና በተፈቀደበት በ2013 ክረምት ነው፣ ማዘጋጃ ቤት፣ በሁለት ምስክር። ወረቀቱን አንስቼ ሳነብ ባለቤቱ «ስለ እኛ ሌላ ሰው ድምፅ ሲሰጥ መቀመጥ ያደክማል» አለኝ።

ደስ ያላለኝም አለ። የመነኩሲት ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ ወንዶች በሕዝቡ መሃል ይዘዋወራሉ። ከ1979 ጀምሮ ያለ ቡድን ነው። እኔ ነጠላዬን ሳላጣፋ ደጀ ሰላም የማልረግጥ ሴት ነኝ። በቆብና በመስቀል ሲቀለድ ውስጤ ይቆረጣል፣ አሁንም። ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። «ቦቢ ካምቤል ከነሱ አንዱ ነበር» አለኝ ብቻ። ያ ፎቶውን የለጠፈው ነርስ። በ1982 ሰው እንዴት ራሱን ከበሽታ እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ በራሪ ጽሑፍ አዘጋጅተው ያደሉት እነዚህ ናቸው፤ ሌላው ገና አፉን ሳይከፍት። ልብሱን አሁንም አልወደድኩትም። ሰዎቹን ግን አከበርኳቸው። ሁለቱም እውነት ነው።

የካስትሮ ሲኒማ ቤት ተዘግቶ ነበር። በ1922 የተሠራ፣ ፊቱ እንደ ካቴድራል ያማረ ቤት ነው። ያኔ እድሳት ላይ ነበር፤ አጥር ተደርጎበት ነበር። የድሮዎቹ ወንበሮች ይነሱ አይነሱ ተብሎ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ተሟግቷል። የአክስቴ ልጅ ከሚቆጩት ወገን ነው። እኔ አጥሩን ዞሬ የምልክቱን ፊደላት ብቻ አየሁ።

ማታ ወደ ቤት ስንወጣ እግሬ አበጠ። ማራገቢያው ፊት ተኝቼ አደርኩ።

ሰኞ፣ መስከረም 27፦ መልስ

ጠዋት ቁልቁል ስወርድ መንገዱ ተጠርጓል። ከኤፍ መስመር መነሻው ላይ የቆየውን የድሮ ባቡር ያዝኩ፤ ለማየት ብዬ። ያኔ በጥሬ ገንዘብ 3 ዶላር ነበር። ወንበሩ እንጨት ነው፣ ማርኬት ጎዳናን እያንቋቋ ይወርዳል። ለቱሪስት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ግን ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ከመሳፈሬ በፊት ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መናፈሻ አየሁ። 15 የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። ናዚዎች በሮዝ ሦስት ማዕዘን ምልክት አድርገው ያሰሯቸውን ጌይ ሰዎች ለማስታወስ ነው። 15 ሺህ ገደማ ይገመታሉ፤ እያንዳንዱ ምሰሶ የሺህ ሰው ነው። አንዲት ሴት አረም ትነቅል ነበር። የሰፈር በጎ ፈቃደኛ ናት፣ ውሃ ይዛ ነው የመጣችው።

የተሰበረውን ሻንጣ እያንከባለልኩ ባርት ገባሁ። ውስጡ በርበሬው በነበረበት ቦታ ባለቤቱ የጋገረው የፊሊፒኖ ኬክና ለእናቴ የተላከ ሻርፕ አለ። የመልሱ በረራ ደኅና ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ጥቅምት 26 በተደረገው ምርጫ ቁጥር 3 አለፈ። የዚያኑ ሌሊት ሁለቱም ደወሉልኝ። ለገና ወደ እኛ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ይመጣሉ፤ ትኬታቸውን ቆርጠዋል። ለእናቴ ሁለቱም እንደሚመጡና ማን እንደሆኑ በግልጽ ነግሬያታለሁ። ሻርፑን ለብሳዋለች። ስለቀረው ገና እየተነጋገርን ነው።